ሁለቱ ጾሞች የተገናኙባቸው ዓመታት

በዓልን ከሩቅ አይቶ ማሰብ፣ መልክና ሥርዓት ሰጥቶ ማሰናዳት፣ ለሚመጣውም እንግዳ እንደ ሃይማኖቱና እንደ ልማዱ ስፍራውን አስቀድሞ ማበጀት ከከበሩት የቤት ጥበቦች አንዱ መሆኑን የተማርሁት ተወልጄ ባደግሁባት በባሌዋ ጎባ ነው። ዛሬ ይህ ጥበብ በከተሞቻችን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ አዳራሽ የሚያስጌጡና መርሐ ግብር የሚነድፉ ወጣቶች እንጀራቸውን ያበስሉበታል፤ እኔም ነገሩን በደስታ እመለከተዋለሁ። የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሙ ረመዳን በአንድ ወራት እየተገናኙ፣ ፋሲካና ዒድ አል ፈጥር በሳምንት ገደማ ልዩነት ከተከታተሉባቸው ዘመናት መካከል 1948፣ 1981 እና 2014 ዓ.ም. በልቡናዬ ተቀርጸው ቀርተዋልና፣ ከእነዚያ ዓመታት ያተረፍሁትን አሳብ ለተተኪው ትውልድ ጽፎ ማቆየት የማይታለፍ ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል።

ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በሳነቴ አምባ ግርጌ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከበላይዋ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ የቆመበት ውርጫም ምድር፣ ከበታችዋም በ14 ኪሎ ሜትር ርቀት የስንዴና የገብስ አገር የሆነው የሮቤ ሜዳ ተዘርግቷል። በእንዲህ ያለ አገር ብርዱ ራሱ ሰውን አስቀድሞ ማሰብን ያስተምረዋል፤ የጠጁ ጥንስስ በቆላ በሚፈላበት ፍጥነት አይፈላም፣ ሊጡም ኩፍ እስኪል ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃ አጠገብ ተከድኖ ማደር ያስፈልገዋል። ማሩና ቡናው የሚመጣው ከሐረና ጫካ፣ በሪራ በኩል ሳነቴን አቋርጦ በጭነት ከብት ስለ ነበረ፣ ጉምና ዝናብ መንገዱን ሳይዘጉ በፊት ገዝቶ ያላስቀመጠ ሰው ለበዓሉ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። በመስከረም አጋማሽ ዝናቡ ገና ስለማይለይም፣ ለመስቀል ደመራ የሚሆነው የጥድና የአስታ ችቦ ከነሐሴ ጀምሮ በማድቤቱ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ በጢስ ሲደርቅ ይሰነብት ነበር። እንግዲህ በእኛ አገር በዓል የሚጀምረው በዋዜማው አልነበረም፤ ወራት ቀድሞ፣ በቆጡ፣ በጋኑና በማሩ ቅል ይጀምር ነበር።

አባቴ በደብር የሚያገለግል መሪጌታ ነበረ። መስከረም 1 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዘመኑን ወንጌላዊ፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ ጾመ ነነዌ የምትገባበትን፣ ዐቢይ ጾም የሚጀመርበትን፣ ፋሲካም የሚውልበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ ቀምሮ ለሕዝቡ ማብሠር ከሥራው አንዱ ነበረና፣ ከጳጉሜን ጀምሮ በመደቡ ላይ ተቀምጦ በጣቱ አንጓዎች ሲቆጥር ይውል ነበር። ከጎናችን የሚኖሩት ሼኽም በዚያ ሰሞን ብቅ ማለት ልማዳቸው ነበረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ከዓመተ ዓለም፣ ሌላው ከሂጅራ ተነሥተው ዓመቱን ሲመረምሩት፣ እኔ እግራቸው ሥር ሆኜ እሰማ ነበር።

«መሪጌታ፣ ዘንድሮ የእናንተ ጨረቃ የት ላይ ናት?» ይሉታል ሼኹ።

«ከእናንተው ጋር ናት፤ አንዲት ጨረቃ እንጂ ሁለት መች አለችን!» ይላቸዋል አባቴ።

ይህ አነጋገር ለጨዋታ ያህል የተባለ ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጥንተ አበቅቴን 11፣ ጥንተ መጥቅዕን 19 ብለው ሲደነግጉ፣ ሁለቱ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ 11ዱም 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ካለው የጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቁጥር ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ክረምቱንም በጋውንም አዳርሶ በ33 ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞ ስፍራው የሚመለሰው በእነዚሁ 11 ቀናት ምክንያት ነው። አባቴ በአበቅቴው የሚያርቀውን ትርፍ ሼኹ እንዳለ ይተዉታል፤ ስለዚህ የአንዱ በዓል በወራቱ አጥር ውስጥ ሲመላለስ፣ የሌላው በዓል ዓመቱን ሁሉ ይዞራል፤ የሁለቱም መሠረት ግን ያችው ጨረቃ ናት። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ስለሚያውቁ አንዱ የሌላውን የዘመን አቆጣጠር እንደ ባዕድ ነገር አያዩትም ነበር።

1948 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑም 12 ነበረ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 23 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በመላ አገሪቱ ሲከበር፣ በአዲስ አበባ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ እኛም የጎባ ተማሪዎች ከጥድ ቅርንጫፍና ከአስታ የተሠራውን የክብር ደጃፍ በወረቀት አበባና በሰንደቅ ዓላማ ስናስጌጥ ሰነበትን። ገና እንደ ዘመነ ዮሐንስ ሥርዓት ታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ፤ ነነዌ የካቲት 19 ቀን ገባች፤ ዐቢይ ጾም መጋቢት 3 ቀን ተጀመረ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 28 ቀን ሆነ። ረመዳን በበኩሉ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ስለ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች አብረው ጾሙ። እናቴ በመስከረሙ ስሌት ጊዜ ከጓዳ ሆና ታደምጥ ነበርና፣ የዓመቱ ጭንቅ የት ላይ እንደሚወድቅ ከማንም በፊት አይታዋለች፤ የእኛ ጾም ሲፈታ የጎረቤቶቻችን ጾም ገና አምስትና ስድስት ቀን ይቀረዋል።

በፋሲካ ቀን ጎረቤትን ምሳ መጥራት በቤታችን የጸና ልማድ ነበረ። በዚያ ዓመት ግን እናቴ፣ «እንግዳህ ጾሙን ሳይፈታ ምሳ ብለህ ብትጠራው፣ ጠራሁት አትበል» ብላ፣ የፋሲካውን ማዕድ ከቀትር ወደ መግሪብ አዛወረችው። ይህ በአንድ ቃል የተፈጸመ ቢመስልም፣ ከበስተኋላው ያለው ዝግጅት የሁዳዴን ያህል የረዘመ ነበር። ከጠጁ ጥንስስ ጋር ላልፈላው ብርዝ የሚሆን የሐረና ማር ለብቻው ተለየ፤ ብርዙ የሚቀርብባቸው ብርሌዎች ጠጅ ነክቷቸው የማያውቁ እንዲሆኑ፣ አዲስ ተገዝተው በሣጥን ተቆለፈባቸው። በጉ ከነነፍሱ ለሼኹ ቤት ተሰጠ፤ በእሳቸው እጅ በቢስሚላህ ታረደ፤ ባለቤታቸውም በራሳቸው ድስትና በራሳቸው ምድጃ ሠርተውት፣ ወጡ ተከድኖ የእኛን አጥር ተሻግሮ መጣ። የእኛ ቅርጫ ሥጋ በጓዳ ሲቀር፣ በሳሎኑ መካከል የቆመው ማዕድ ሁሉም ያለ ጥርጥር እጁን የሚዘረጋበት ሆነ።

ለእኛ ለሕፃናቱም የተሰጠ ትእዛዝ ነበር። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ገድፈን ያደርን ብንሆንም፣ ዳቦ ይዞ ወደ መንገድ መውጣት፣ በአጥሩም ላይ ቆሞ መብላት አልተፈቀደልንም፤ «ጎረቤት ጦሙን ሲውል በር ከፍቶ ወጥ አይማሰልም» ትል ነበር እናቴ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ በዝግታ ተሰናዳ፤ ከወንዝ ዳር የመጣው ቄጤማ የተጎዘጎዘው እንዳይጠወልግ ከሰዓት በኋላ ነበር። አመሻሽ ላይ አዛን በተሰማ ጊዜ፣ አባቴ ነጭ ሸማውን አጣፍቶ በደጃፉ ቆሞ እንግዶቹን ተቀበለ፤ ሼኹም በመደቡ ላይ ተቀምጠው በውኃና በጥቂት ተምር ጾማቸውን ከገደፉ በኋላ ሰግደው ወደ ማዕዱ ቀረቡ። በዚያች ምሽት የእኛ ፋሲካ የእነርሱ ኢፍጣር ሆነ፤ አንዱም በሌላው ውስጥ አልጠፋም።

የዒዱ ዝግጅት ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ ነበረው። ሚያዝያና ግንቦት በባሌ ደጋ የዝናብ ወራት ናቸውና፣ የጨረቃዋን መታየት የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ወደ ጉብታው ወጥተው ምዕራቡን ሲቃኙ ደመናው ይጋርዳቸዋል፤ ካልታየችም 30 ቀን መሙላት ግድ ነው። በዓሉ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ በማይታወቅበት ሁኔታ ድግስ መደገስ ልዩ ብልኃት ይጠይቃል፤ የሼኹ ባለቤትም መላቸው ጩኮ ነበረ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ እንደ ገና ታምሶ ልሞ ይፈጫል፤ በተነጠረና በተቀመመ የላም ቅቤ ይለወሳል፤ በእንጨት ቆሪ ውስጥ ተጠቅጥቆ ላዩ በማንኪያ ይደመደማል፤ ከዚያ በኋላ ዒዱ አንድ ቀን ቢዘገይ አንዳች አይጎድልበትም። ቢላዋ ስላልነካው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ስጋት ይበላዋል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ዒዱ በየትኛው ቀን ቢውል የእኛ ቤት ቅቤውን ለመቅመስ ነጻ ነበር፤ ይህንንም የሼኹ ባለቤት ከእናቴ ጋር አስቀድመው ተማክረውበት ኖሯል።

በዚያ ዘመን ዒድ በመንግሥት ዘንድ የታወቀ ብሔራዊ በዓል እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። ሙስሊም ኢትዮጵያውያን በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነታቸውን ከጠየቁ በኋላ ነው ዒድ አል ፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ በዓላት ተብለው የታወጁት። በ1948ቱ ዒድ ጽሕፈት ቤቱም ትምህርት ቤቱም እንደ ወትሮው ክፍት ነበረ። በመንደራችን ግን ክርስቲያኖቹ ባለሱቆች ሱቃቸውን ዘግተው ውለው በማግሥቱ ከፈቱ፤ እናቴም የዕለቱን ሥራ ትታ የሰንበት ልብሷን ለብሳ ወጣች። ሕግ ያላወጀውን በዓል ጎረቤት አወጀው ማለት ነው። በአዋጅ የሚገኘው ክብር ታላቅና ተገቢ መሆኑን አምናለሁ፤ አዋጁ ሲመጣ ግን የሚያርፍበት የተደላደለ ልብ ያስፈልገዋል፤ ያንን ልብ ያደላደሉት እንደ እነዚህ ያሉ ሴቶች ናቸው።

በባሌ ምድር ይህ እንግዳን አስቀድሞ የማሰብ ጥበብ ከአንድ ቤት አልፎ የአገር ሥርዓት ሆኖ የሚታየው በድሬ ሼኽ ሁሴን ጉዞ ነው። በዓረፋና በመውሊድ ሰሞን፣ ጫፉ የተመነተወውን የሼኽ ሁሴን በትር የያዙ ምእመናን ከሩቅ አውራጃዎች ተነሥተው በእግራቸው የሼኽ ሁሴን መካነ መቃብር ወዳለበት ወደ አናጂና ሲጓዙ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉ ቤተ ሰቦች ለማያውቁት ተጓዥ ውኃና እህል ያዘጋጃሉ። ስሙን ለማያውቁት ሰው የሚሆን ድርሻ ከዓመቱ እህል ለይቶ ማስቀመጥ ከሁሉ የሚበልጥ የበዓል ዝግጅት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተገላበጠ። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት፣ ጎባም ዋና ከተማዋ ሆነች፤ የገበሬው ዐመፅ ለዓመታት በደጋውም በቆላውም ነደደ፤ አብዮቱ መጣ። 1981 ዓ.ም. ሲደርስ አባቴና ሼኹ ሁለቱም ወደ ማይቀረው ዓለም ሄደው፣ እናቴና የሼኹ ባለቤት በእርጅና ዕድሜ ጎን ለጎን ቀርተው ነበር። እኔም በዚያችው በጎባ መምህር ነበርሁ። ፋሲካ ሚያዝያ 22 ቀን ዋለ፤ በማግሥቱ ሚያዝያ 23 የዓለም ሠራተኞች ቀን ነበረ፤ ዒድም በዚያው ሳምንት ፍጻሜ መጣ። ለሠራተኞቹ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ መፈክርና የሰልፍ ትርኢት ለሳምንታት ተሰናድቷል፤ ሥዕሉ በጥበብ የተሣለ፣ ሰልፉም በልክ የተሰካ ነበር። ሕዝቡም ወጣ፤ መውጣት ግዴታው ነበረና። በትእዛዝ የተሰበሰበ ሕዝብ ግን ታዳሚ ይባል እንደ ሆነ እንጂ እንግዳ አይሆንም፤ ማን ጾም ላይ እንደ ሆነ፣ ማን ልጁን ወደ ጦር ግንባር ሸኝቶ በሐዘን እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ አልነበረም።

ያንን ጥያቄ የጠየቁት ሁለቱ አሮጊቶች ነበሩ። በመንደሩ ከሁለቱም ሃይማኖት ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄደው ድምፃቸው የጠፋባቸው እናቶች ስለ ነበሩ፣ በዚያ ዓመት ከበሮ እንዳይመታ፣ ጠጅም በአደባባይ እንዳይቀዳ ተማከሩ። የፋሲካው ማዕድ እንደ ጥንቱ በመግሪብ ተዘረጋ፤ በመካከሉ ግን ለሌሉት ልጆች ስም አንድ እንጀራ ሳይቆረስ ተቀመጠ፤ የዘመቱትም ልጆች በስማቸው እየተጠሩ፣ በአንድ ወገን «አሜን»፣ በሌላው ወገን «አሚን» ተባለላቸው። በዓለ ትንሣኤን ደስታውን ሳያጎድሉ ለሐዘንተኛው ልክ አድርጎ ማክበር እንደሚቻል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 8፣ በአዲስ አበባና በአስመራ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ተነሣ፤ የአገሩም ልብ እንደ ገና ተናወጠ።

በ2014 ዓ.ም. ኑሮዬ በሮቤ ነበረ። ያ የገብስ ሜዳ ዛሬ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የቆመበት፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ተማሪዎች የሚኖሩበት ከተማ ሆኗል። ወጣቶቹ ለምረቃቸው ከለር ዴይ፣ የባህል ቀን እያሉ በየዓይነቱ በዓል ያዘጋጃሉ፤ ልብሱን በአንድ ቀለም ያሰፋሉ፣ ግድግዳውን በፊኛና በአበባ ያስውባሉ፣ ሰዓቱንም በደቂቃ ይመድባሉ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድም ሚያዝያ 24 ቀን ስለ ነበረ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች የልጄ ልጅ ከቤታቸው የራቁትን ጓደኞቿን ሰብስባ የፋሲካ ምሽት ለማዘጋጀት አሰበች፤ የበዓሉንም አሳብ «ሁለቱ ጾሞች» አለችው።

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ታላላቅ ክበቦች በወረቀት ተሠርተው ተሰቀሉ፤ በአንዱ ላይ የባሕረ ሐሳቡ ወራት፣ በሌላው ላይ የሂጅራው ወራት ተጽፈው፣ ክበቦቹ በሚነካኩበት ስፍራ የሆሣዕና ዘንባባና የወረቀት ጨረቃ ጎን ለጎን ተሰኩ። እንግዶቹ የተጠሩት ፀሐይ ለምትጠልቅበት፣ ለ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሥጋው ከሙስሊም ልኳንዳ ተገዝቶ በአዲስ ድስት ተሠራ፤ መጠጡ ብርዝና ጭማቂ ብቻ ሆነ፤ ጩኮውንም የሼኹ የልጅ ልጅ ከጎባ ይዛ መጣች። እኔ ተነሥቼ ስለ አበቅቴና ስለ 11ዱ ቀናት እንዳስረዳ ተጠየቅሁ፤ አባቴና ሼኹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመረምሩት የነበረውን ምሥጢር፣ በስልካቸው የዓለምን ሰዓት ለሚያዩ ልጆች በጣቴ አንጓ እየቆጠርሁ ነገርኋቸው። ከጌጡ ሁሉ ይልቅ ልቤን ደስ ያሰኘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የልጅ ልጄ በወረቀት ከጻፈችው መርሐ ግብር ራስጌ ላይ የእያንዳንዱ እንግዳ ስም፣ የሚበላውና የማይበላው፣ የሚሰግድበትም ሰዓት በሥርዓት ተመዝግቦ አየሁ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 18፣ በጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጥቃት የብዙ ሰው ሕይወት መጥፋቱን ሰማን፤ በዚያው ሰሞን በሌላ ስፍራ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው ተነገረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ አገር፣ በእነዚያው ሁለት ጾሞች መካከል ይህም ያም ሆነ። ከዚህ በኋላ የበዓልን ዝግጅት እንደ ቀላል የጓዳ ሥራ የሚቆጥር ሰው ቢኖር አልስማማውም። እናቴ ማዕዱን ከቀትር ወደ መግሪብ ስታዛውር የሠራችው ሥራ ትልቅ የሰላም ሥራ ነበረ፤ በየመንደሩ እንዲህ ያለ አንድ ቤት ሲጎድል የሚፈጠረውን ባዶነት በዐዋጅም በወታደርም መሙላት ያዳግታል።

እንግዲህ በዓል የምታዘጋጁ ወጣቶች ሆይ፣ ጌጡን አብዙ፣ አዲስ አሳብ ፍጠሩ፣ ቀለሙንም ምረጡ፤ አባቶቻችንም የጥዱን ደጃፍ ሲያስጌጡ እንዲሁ አድርገዋልና ማንም አይንቀፋችሁ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን የእንግዳችሁን ዘመን አቆጣጠር እወቁ፤ መቼ እንደሚጾም፣ መቼ እንደሚያዝን፣ ምን እንደሚበላ ጠይቁና ዝግጅታችሁን ከዚያ ጀምሩ። በአባቴ ባሕረ ሐሳብና በሼኹ ስሌት ቀምሬ እንዳየሁት፣ ፋሲካ በ2047 ዓ.ም. ሚያዝያ 10 ቀን ይውላል፤ ዒድ አል ፈጥርም ከዚያ በኋላ በዐሥር ቀን ገደማ ይከተላል። ያን ጊዜ እኔ አልኖርም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር በማዕዱ የተቀመጡት ሕፃናት ግን የቤት ጌቶች ይሆናሉና፣ ምሳውን ወደ መግሪብ ማዛወር እንደሚገባቸው ከአሁኑ አስተምሯቸው።